የአራዳው ክለብ የአፍሪካ ጉዞ፦ ሻምፒዮን እያለ ሜዳ ሲጠፋ

የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ከተነሣ በኋላ ያለው ጊዜ ለብዙ ደጋፊ የዕረፍት ወቅት ነው። ለአሸናፊው ክለብ ግን ከባዱ ፈተና የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ገበሬው አረሙን ጨርሶ እሸት በሚጠብቅበት በነሐሴና በመስከረም፣ የሀገሪቱ ሻምፒዮን በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ፣ ሌላው ተወካይ ደግሞ በኮንፌዴሬሽን ካፕ የማጣሪያ ጨዋታቸውን ያደርጋሉ። የአንድ ዓመት ድካም በደርሶ መልስ ሁለት ጨዋታ፣ በ180 ደቂቃ ይመዘናል። ባለፉት ዓመታት የኢትዮጵያ ክለቦች ስም ከምድብ ድልድሉ በፊት ከውድድሩ ሲወጣ ማየት ተለምዷል።

ይህን ሽንፈት በተጫዋች ብቃት ማነስ ብቻ ማስረዳት ቀላል ነው። ነገር ግን ከሁሉም በላይ በአፍሪካ መድረክ የተመላለሰው የቅዱስ ጊዮርጊስ ስፖርት ክለብ ታሪክ ሌላ ነገር ያሳያል። ክለቦቻችን ብዙ ጊዜ የተሸነፉት በሰፊ ልዩነት አልነበረም፤ በአንድ ግብ፣ ይልቁንም በገዛ ሜዳቸው ባስገቡት አንድ ግብ ነበር። በዚህ ላይ አሁን ራሱ ሜዳው አጠራጣሪ ሆኗል። ስለዚህ ጥያቄው የአንድ ክለብ ደጋፊዎች ጥያቄ ብቻ አይደለም። በግብር ከፋዩ ገንዘብ ስለሚተዳደሩ ክለቦችና ስለሚገነቡ ስታዲየሞች የሚነሣ የሕዝብ ጥያቄ ነው።

ከአራዳ የተነሣው ክለብ

ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አራዳ ሰፈር ነው። ከመሥራቾቹ መካከል አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ በስም ይጠቀሳሉ። ጊዜው የጣሊያን ጦር ሀገሪቱን የወረረበት ዘመን ነበር። ክለቡ ገና በእግሩ ሳይቆም ዋና ከተማዋ በጠላት እጅ ወደቀች። በወረራው ዓመታትም ስሙ ተነጥቆ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» እንዲባል ተደረገ። ከነጻነት በኋላ ወደ ቀድሞ ስሙ ተመለሰ።

አራዳና ፒያሳ ያን ጊዜ የሀገሬው ነጋዴ፣ የአርመኑ የእጅ ባለሙያ፣ የግሪኩ ባለሱቅና የጣሊያኑ ሜካኒክ ጎን ለጎን የሚኖሩበት የከተማዋ እምብርት ነበሩ። ይህ ስብጥር በኳሱም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1944 በተካሄደው የመጀመሪያው የሀገሪቱ ሻምፒዮና ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር የተሰለፉት የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ጦር ልዑክ ቡድን ነበሩ። ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዞቹ ቡድን ነው። በዚያ ውድድር ውስጥ የሀገሬው ልጆች ቡድን ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር፤ ደጋፊው እስከ ዛሬ ክለቡን የሚያየው በዚያ ታሪክ መነጽር ነው።

ከዚህ ክለብ የወጡት ይድነቃቸው ተሰማ በተጫዋችነት፣ በአሠልጣኝነትና በአስተዳዳሪነት የኢትዮጵያን እግር ኳስ ገነቡ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1957 ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) መሠረተች። በ1962 ደግሞ በአዲስ አበባ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን አነሣች። ይድነቃቸው ከ1972 ጀምሮ በ1987 እስካረፉበት ጊዜ ካፍን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። የአህጉሩን ውድድር ከመሠረቱት አንዷ የሆነች ሀገር ዛሬ በዚያው ተቋም መመዘኛ ለጨዋታ የሚሆን ሜዳ አጥታ መቸገሯ የታሪኩ መራራ ክፍል ነው።

መዝገቡ ምን ይላል?

በአህጉሩ የክለቦች ውድድር ኢትዮጵያ ከመጀመሪያው ጀምሮ አለች። የመጀመሪያው የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ማጠቃለያ በአክራ፣ ጋና ሲካሄድ ከተሰለፉት አራት ክለቦች አንዱ የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ነበር። ዋንጫውን የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ ወሰደ። በ1967 ደግሞ ቅዱስ ጊዮርጊስ ለግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ከአፍሪካ አራት ምርጥ ክለቦች አንዱ መሆኑ እንደ ተአምር አይቆጠርም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ለመረዳት አንድ የውድድር ሕግ ማወቅ ይጠቅማል። በደርሶ መልስ ጨዋታ የሁለቱ ክለቦች ድምር ግብ እኩል ከሆነ፣ ከሜዳው ውጭ ብዙ ግብ ያስቆጠረው ያልፋል። በባላጋራ ሜዳ የምትቆጠር ግብ ክብደቷ ይጨምራል፤ በገዛ ሜዳ የምትገባ ግብም ጉዳቷ የዚያኑ ያህል ይበረታል።

በዚህ ሕግ ሁለት ታሪኮችን እናነጻጽር። እ.ኤ.አ. በ1998 ኢትዮጵያ ቡና ከግብፁ አል አህሊ ጋር ተገናኘ። አዲስ አበባ ላይ 1 ለ 1፣ ካይሮ ላይ 2 ለ 2 ተለያዩ። ድምሩ 3 ለ 3 ቢሆንም ቡና በካይሮ ሁለት ግብ በማስቆጠሩ የአፍሪካን ኃያል ክለብ አሰናበተ። በ2013 ደግሞ ቅዱስ ጊዮርጊስ የማሊውን ጆሊባ ጥሎ ከሌላው የግብፅ ኃያል ዛማሌክ ጋር ተገናኘ። በግብፅ 1 ለ 1፣ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 2 ተለያዩ። ድምሩ አሁንም 3 ለ 3 ነው። ቁጥሮቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የተለወጠው ቦታቸው ብቻ ነው። በዚህኛው ሁለት ግብ ከሜዳው ውጭ ያስቆጠረው ዛማሌክ ስለነበር ያለፈው እሱ ሆነ።

ያ ዓመት ለቅዱስ ጊዮርጊስ በዚያ አላበቃም። ወደ ኮንፌዴሬሽን ካፕ ወርዶ የግብፁን ኢንፒ በማሸነፍ ለምድብ ድልድል በቃ። በምድቡ የቱኒዚያዎቹ ስፋክሲያንና ኤትዋል ዱ ሳሄል፣ እንዲሁም የማሊው ስታድ ማሊየን ነበሩ፤ ስፋክሲያን በመጨረሻ የዋንጫው ባለቤት ሆነ።

በ2016 ቅዱስ ጊዮርጊስ ካለፈው ዓመት የአፍሪካ ሻምፒዮን ከኮንጎው ቲፒ ማዜምቤ ጋር ተገናኘ። በባሕር ዳር ስታዲየም 2 ለ 2 ተለያይቶ በሉቡምባሺ 1 ለ 0 ተሸንፎ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ግን የሲሸልሱን ኮት ዲ ኦርና የኮንጎ ብራዛቪሉን ሊዮፓርድስ አሸንፎ በሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ድልድል የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆነ። ከቱኒዚያው ኤስፔራንስ፣ ከደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስና ከኮንጎው ቪታ ክለብ ጋር ተመድቦ ከምድቡ ማለፍ ባይችልም፣ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ስሙን ከአህጉሩ ትልልቆች ተርታ አስገብቷል። በ2022 ደግሞ የሱዳኑን አል ሂላል በሜዳው 2 ለ 1 አሸነፈ፤ በኦምዱርማን 1 ለ 0 ተሸነፈ። ድምሩ 2 ለ 2 ነበር። አሁንም በሜዳው የገባችበት አንዲት ግብ አስወጣችው።

እነዚህን ውጤቶች አንድ ላይ ስንመለከት የሚታየው ክፍተት የአጥቂ እጥረት አይደለም። ቅዱስ ጊዮርጊስ በዛማሌክ፣ በማዜምቤና በአል ሂላል ላይ በሜዳው ሁለት ሁለት ግብ አስቆጥሯል። ያጣው ነገር በሜዳው ያገኘውን መጠበቅ ነው። ጎተራው ሞልቶ ከታች የተቀደደ ያህል፣ በአንድ በኩል የገባው በሌላ በኩል ፈሰሰ። ከትልልቅ ክለቦች ጋር እስከ መጨረሻው ደቂቃ መወዳደር እንደሚቻል መዝገቡ ይመሰክራል። ለማለፍ ግን በሜዳ የሚገኘውን ጥቅም ሁሉ ሳያባክኑ መጠቀም ያስፈልጋል።

ሜዳው ሲታጣ

ችግሩ የከፋው በዚህ ጊዜ ነው። በጥቅምት ወር 2021 ኢትዮጵያ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን በባሕር ዳር ካስተናገደች በኋላ ካፍ ስታዲየሙ መመዘኛውን አያሟላም ብሎ አገደው። አንጋፋው የአዲስ አበባ ስታዲየምም ለዚህ ደረጃ ብቁ አልነበረም። በወሩ ከጋና ጋር የነበረው «የሜዳችን» ጨዋታ በጆሐንስበርግ ተደረገ። በሰኔ 2022 ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈበት ታላቅ ቀን ሳይቀር ያለፈው በማላዊዋ ሊሎንግዌ ነው። ሕዝቡ ያን ድል በቴሌቪዥን መስኮት አየው እንጂ በስታዲየም ተገኝቶ አልዘመረለትም።

ለክለቦች ጉዳቱ ይበልጥ ግልጽ ነው። በመስከረም 2023 ቅዱስ ጊዮርጊስ ከአል አህሊ ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ጨዋታዎች በግብፅ ተካሄዱ። በወረቀት አንደኛው ጨዋታ የቅዱስ ጊዮርጊስ የሜዳ ጨዋታ ነው፤ በእውን ግን ደጋፊውም፣ አየሩም፣ ሣሩም የባላጋራው ነበር። ውጤቱ 3 ለ 0 እና 4 ለ 0 ሆነ። ከ25 ዓመት በፊት ቡና ይህንኑ ክለብ ሲጥል አንዱ ጨዋታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ባለችው አዲስ አበባ ነበር። ከሜዳ ጋር ከፍታውም፣ የደጋፊው ድምፅም፣ የእንግዳው ቡድን የጉዞ ድካምም አብረው ይታጣሉ። በዚህ ላይ ክለቡ የሜዳ ኪራይ፣ የሆቴልና የአውሮፕላን ወጪ በውጭ ምንዛሪ ይከፍላል፤ ከመግቢያ ትኬት ሊያገኘው የሚችለውንም ገቢ ያጣል።

ይህ ማለት ሜዳ ብቻውን ያድናል ማለት አይደለም። በ2024 የሀገሪቱ ሻምፒዮን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የታንዛኒያውን ያንግ አፍሪካንስ በአዲስ አበባው አበበ ቢቂላ ስታዲየም አስተናግዶ 1 ለ 0 ተሸንፏል፤ በዛንዚባር ደግሞ 6 ለ 0። የታንዛኒያ ክለቦች ለብዙ ዓመታት በተጫዋች ግዥ፣ በአስተዳደርና በስታዲየም ላይ ገንዘብ አፍስሰዋል፤ ልዩነቱ ሜዳ ላይ ታየ። ሜዳ ቢኖርም ዝግጅት ከሌለ ውጤት የለም። ይሁን እንጂ ዝግጅት ያለው ክለብም ሜዳ ካጣ የድካሙን ፍሬ ሌላው ሰው ደጃፍ ላይ ወስዶ እንደሚወቃ ገበሬ ይሆናል፤ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ የሚያውቀው ባለአውድማው ነው።

ለገበሬውና ለከተማው ነዋሪ ምኑ ነው?

አንባቢ «የአዲስ አበባ ክለብ ሽንፈት ለእኔ ምኔ ነው?» ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ከደጃፋችን ይጀምራል። የጎንደሩ ፋሲል ከነማ በ2022 በኮንፌዴሬሽን ካፕ የብሩንዲውን ቡማሙሩ አልፎ በስፋክሲያን ተሰናብቷል። ባሕር ዳር ከነማም በ2023 የታንዛኒያውን አዛም በመለያ ምት ጥሎ በቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን ጉዞው ተገትቷል። ሁለቱም የከተማ አስተዳደር ክለቦች ናቸው። የሚንቀሳቀሱበት በጀት ውስጥ የነጋዴው ግብር፣ የመንግሥት ሠራተኛው መዋጮና የደጋፊው ማሊያ ግዥ አለ። ያ ገንዘብ በባዕድ ሀገር ለሜዳ ኪራይ ሲወጣ፣ የሚከፍለው ሕዝብ ጨዋታውን እንኳ አያይም።

ሁለተኛው ጉዳይ ገበያ ነው። አንድ አህጉራዊ ጨዋታ በከተማ ሲደረግ አልጋ የሚያከራየው፣ ምግብ ቤቱ፣ ባለባጃጁ፣ ቆሎና ውኃ የምትሸጠው እናት ሥራ ያገኛሉ። ምግብ ቤቱ ሽንኩርቱን፣ ቲማቲሙን፣ ዶሮውንና የጣናን ዓሣ የሚገዛው ከአካባቢው አምራች ነው። ጨዋታው ወደ ካይሮ ወይም ወደ ሊሎንግዌ ሲሄድ ይህ ገበያም አብሮ ይሄዳል።

ሜዳም እንደ ማሳ ነው

ስለ ስታዲየም ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ኮንክሪቱ ነው። የካፍ መመዘኛ የተመልካች መቀመጫን፣ የመልበሻ ክፍሎችን፣ የሕክምናና የመገናኛ ብዙኃን ክፍሎችን፣ የመብራት ኃይልንና የደኅንነት መውጫዎችን ይመለከታል። ከእነዚህ ጋር እኩል የሚታየው ግን የመጫወቻው ሣር ነው። ሣር ደግሞ በግንበኛ ብቻ አይሠራም። እንደ ሰብል አፈር፣ ውኃ፣ ምግብና ጠባቂ ይፈልጋል።

ገበሬው ይህን ከማንም በላይ ይረዳል። በጣና ዙሪያ በብዙ ቦታ የሚገኘው ዋልካ አፈር በክረምት ውኃ ይዞ ይጨቀያል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። ገበሬው በዚህ አፈር ላይ ስንዴ ወይም ጤፍ ለመዝራት ሲያስብ በቅድሚያ ውኃውን ያጠነፍፋል። በባሕር ዳር አብዛኛው ዝናብ የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ይህም ልክ የአፍሪካ ማጣሪያ ጨዋታዎች ከሚደረጉበት ወቅት ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ደረጃውን የጠበቀ ሜዳ በዋልካው ላይ በቀጥታ አይተከልም። ከታች የውኃ መውረጃ ቧንቧና ጠጠር፣ ከላይ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የተመረጠ አሸዋ ይነጠፍለታል። ያ ካልሆነ ከባድ ዝናብ በወረደ ማግስት ሜዳው ረግረግ ይሆናል።

የሣሩ ዓይነትም ለእኛ እንግዳ አይደለም። በሞቃት ሀገሮች ስታዲየሞች በስፋት የሚተከለው ሣር ገበሬው ከጤፍ ማሳው ነቅሎ የሚጥለው የሰርዶ ዘመድ ነው። ሰርዶ መሬት ለመሬት እየተሳበ ሥር ይሰድዳል፤ ሲረገጥ ቶሎ ያገግማል፤ ፀሐይ ይወዳል። ነገር ግን አዘውትሮ መታጨድ፣ በበጋ መጠጣት፣ ማዳበሪያ ማግኘትና ከጨዋታ በኋላ ማረፍ አለበት። በአንድ ሜዳ ላይ ዕለት በዕለት ጨዋታ ሲደራረብ አፈሩ ይጠቀጠቃል፤ ሥሩ አየር ያጣል፤ ሣሩም ይመለጣል። የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታዎች ላለፉት ዓመታት በጥቂት ከተሞች ተሰብስበው ሲካሄዱ ሜዳዎቹ የተሸከሙት ጫና ይኸው ነው። ከብት ያለ ዕረፍት የሚግጥበት መስክ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ኢንጂነር መሆን አያስፈልገውም።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። ስታዲየም ተመርቆ የሚተው ሕንፃ አይደለም፤ በየዓመቱ በጀትና በሙያው የሠለጠነ ሰው የሚፈልግ ማሳ ነው። ክልሉ ብዙ የግብርና ኮሌጅ ምሩቃን አሉት። የሣር እርባታ፣ የመስኖና የአፈር ዕውቀት ያላቸውን ወጣቶች በስታዲየሞቹ ላይ መመደብ ከውጭ ሀገር ሜዳ ከመከራየት ይረክሳል።

ከፒያሳ የሚነሣው ጥያቄ

ቅዱስ ጊዮርጊስ የተወለደበት አካባቢ ዛሬ መልኩ ተለውጧል። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. በፒያሳ ተመርቋል፤ በዚያው ዓመት በኮሪደር ልማቱ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎችም ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ደምቋል። የአራዳው ክለብ ግን የተነሣው ከሰፊ መንገድ አልነበረም። ልጆች ኳስ ከሚያንከባልሉበት ባዶ ቦታና ተሰባስበው ቡድን ከሚመሠርቱበት ጉርብትና ነበር። ከተሞች ሲታደሱ፣ ያ ባዶ ቦታ በፕላኑ ላይ መኖር አለመኖሩን መጠየቅ ያስፈልጋል። ይህ ለአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን ለባሕር ዳር፣ ለጎንደር፣ ለደሴና ለደብረ ማርቆስም የሚሆን ጥያቄ ነው። የቀበሌ ሜዳ ለሱቅ ወይም ለመኖሪያ ሲሰጥ የሚጠፋው ከ15 ዓመት በኋላ የሚገኘው ተጫዋች ነው።

ስለዚህ በመጪዎቹ ዓመታት መመዘን ያለበት የዋንጫው ባለቤት ማን ሆነ የሚለው ብቻ አይደለም። የስታዲየም እድሳት ቃል ሲገባ ሥራው መቼ እንደሚያልቅ፣ ምን ያህል ገንዘብ እንደፈጀ፣ ሣሩን ማን እንደሚንከባከብና ካፍ የትኞቹን ጉድለቶች እንደቆጠረ ለሕዝብ በግልጽ መነገር አለበት። የከተማ ክለቦችም ለውጭ ሀገር ጨዋታ የሚያወጡትን ወጪ ለሚከፍለው ነዋሪ ቢያሳውቁ ውሳኔው የጋራ ይሆናል።

ከአራዳ የተነሣው ክለብ በ1967 ከአፍሪካ አራቱ አንዱ ነበር፤ ከ50 ዓመት በኋላም ወደ ምድብ ድልድል ተመልሷል። ከዛማሌክም ሆነ ከአል ሂላል ጋር ልዩነቱ አንዲት ግብ ነበረች። አንዲት ግብ በልምምድ፣ በጥሩ ተከላካይና በደጋፊ ድምፅ ልትጠበቅ ትችላለች። ሦስቱም የሚገኙት ግን በገዛ ሜዳ ነው።